ምንጣፌን መካሪ ጨረሰው

ማስቲካውን ምንጣፌ ላይ በተፋው ልጅ አልተናደድኩም። አምስት ዓመቱ ነው፣ ምን ያውቃል። ያናደደኝ ከሱ በኋላ የተሰለፈው መካሪ ነው። እስቲ ላውጣው፣ ካልተነፈስኩት ያንቀኛል።

ምንጣፉ ዕቁብ ደርሶኝ ከመርካቶ የገዛሁት ነው። ሁለት በሦስት፣ ክሬም ቀለም። አዎ፣ ክሬም። ሻጩ «እህቴ፣ ይሄ ቤት ያበራል» ሲለኝ አመንኩት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ቤት ክሬም ምንጣፍ ያነጠፈ ሰው የመጀመሪያው ጥፋተኛ ራሱ ነው፣ እሱን እቀበላለሁ። ሌላውን ግን አልቀበልም።

የፋሲካ ዕለት ነው። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ማሙሽ ማስቲካውን ጣል አደረገ፣ አንዱ ዘመድ በካልሲው ረገጠውና እስከ ሶፋው ድረስ ይዞት ዞረ። እኔ ገና ሳላየው ምክር ቤቱ ተሰብስቧል። የባለቤቴ ወንድም «ቤንዚን ነው መድኃኒቱ» አለ። ቤንዚን! ቡና እየተፈላ፣ የጋመው ከሰል ከምንጣፉ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ፣ ቤንዚን። እሱን ስናስጥል አክስቴ የፈላ ውሃና ብሩሽ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ተዪው እኔ አለቅቀዋለሁ» አለችና ማሸት ጀመረች። ማስቲካ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ የለሰለሰውን ሲያሹት ደግሞ ወደ ክሩ ሥር ይሰርጋል። ሳንቲም የምታክል ነገር በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሲኒ ማስቀመጫ አከለች።

የሚያስፈልገው በረዶ ነበር፣ በቃ። ከፍሪጅ በረዶ አውጥቶ በፌስታል ጠቅልሎ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ላዩ ላይ ማስቀመጥ። ሲደርቅ በማንኪያ ጠርዝ መፈቅፈቅ። ማስቲካ በውሃ ስለማይሟሟ የቀረችውን በጠብታ ዘይት አላልቶ፣ ዘይቱን ደግሞ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማንሳት። ይሄን ያወቅኩት ግን በማግስቱ ነው፣ አክስቴ ክንዷን እያሻሸች ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ።

ማስቲካው ላይ ስንረባረብ ከጀርባችን አልጫ ተደፋ። ይሄኛውን ልብ በሉልኝ። «ቶሎ በዱቄት ሳሙና!» ተባለ፣ እኔም እንደ ተማሪ ታዘዝኩ። ሳሙናው ሲነካው ያ ቢጫ ነገር ዓይኔ እያየ ቀላ። ደም መሰለ። አክስቴ አማተበች፣ እኔም ቀን ጎደለብኝ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እርድ ነው! እርዱን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚባል ቀለም የዱቄት ሳሙና ዓይነት ነገር ሲያገኘው ይቀላል፣ ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል፣ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ደግሞ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስንት ዘመን አልጫ ስንሠራ የኖርን ሴቶች አንድ ክፍል ሞልተን አንዳችንም ይሄን አናውቅም። ሁላችንም የምናውቀው «እሺው» ነው። እሺው፣ እሺው፣ እሺው። ሲያሹት እኮ ነው የሚሰፋው፤ በንጹሕ ጨርቅ ጫን እያሉ ማስመጠጥ ነው እንጂ። የቀዩ ወጥም ያው ነው፣ የበርበሬው ቀለም ዘይቱ ውስጥ ስላለ ውሃ ብቻውን አያወጣውም፣ መጀመሪያ ዱቄት ነስንሶ ዘይቱን ማስጠጣት ነበር።

ማታ መብራት ጠፋ። በዓል አይደል። ሻማ በራ፣ ሻማው ፈሰሰ፣ የት? እናንተው ገምቱ።

እዚህ ላይ ነው ጎረቤቴ እትዬ የገቡት። መብራቱ ሲመጣ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው ጉዴን አዩ። «ምን ያስጨንቅሻል ልጄ፣ ጋዜጣ ደርበሽ በካውያ ተኩሺው፣ ወረቀቱ ይመጠዋል።» ሐሳቡ እውነት ነው፣ ሰሙ ሲቀልጥ ወረቀት ይጠጣዋል። ያልነገሩኝ የካውያውን ሙቀት ዝቅ ማድረግ እንዳለብኝ ነው። የኔ ምንጣፍ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ማለትም ፕላስቲክ፣ 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የጥጥ ልብስ ላይ የተደረገ ካውያ ደግሞ 200 ይደርሳል። ሳነሳው ጋዜጣው አብሮ ተነሳ፣ ክሩም አብሮ ተነሳ፣ ሳሎኔ መሃል የካውያ ቅርጽ ያለው የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ቀረ። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩና «ውይ፣ የኔው እኮ ሱፍ ነበር» አሉ።

ሱፍ ነበር!

ከዚያ ምንጣፍ አጣቢዎች ጋ ላክሁት። በካሬ ነው የሚያስከፍሉት፣ ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ እስካሁን አያውቅም። «አዲስ አርገን ነው የምንመልስልሽ» ብለው ወሰዱት። በዘጠነኛው ቀን ተጠቅልሎ፣ ሳይደርቅ፣ እርጥብ ውሻ እየሸተተ መጣ። አራተኛ ፎቅ ተሸክሞ ያወጣው ልጅ ለብቻው አስከፈለኝ። ደረጃው መደገፊያ ላይ ሁለት ቀን አሰጣሁት፣ ጎረቤት አኮረፈኝ። ሲደርቅ ደግሞ ሳሙናው በደንብ አልታጠበለትም ኖሮ እግር በረገጠው ቁጥር አቧራ ይስባል፤ ማስቲካው የነበረበት ቦታ አሁን እንደ አስፋልት ጠቁሯል። ደውዬ ስጮህባቸው «እህት፣ የካውያው እኛ አይደለንም» አሉኝ። የካውያውን ማን አነሳ!

እና አሁን ጠረጴዛዬ ሳሎኑ ውስጥ ሰው በማያስቀምጥበት ቦታ ተገትሯል፣ ጠባሳውን ሊሸፍን። የገባ ሁሉ ይደናቀፍበታል። «ይሄን ጠረጴዛ ለምን ጠጋ አታደርጊውም?» የሚለኝ አይጠፋም። ኮሜንት ላይ ሎሚና ጨው፣ ኮካ፣ የጥርስ ሳሙና የምትጽፉልኝን ከወዲሁ ብሎክ እንደማደርግ አውቃችሁ ጻፉ።

ይሄን እየጻፍኩ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። በፌስታል የያዙትን ጠርሙስ እያሳዩኝ «ልጄ፣ በረኪና ሞክረሻል?»