ማስተካከያ፦ ፎርት ሰምተር በመኪና አይደረስም

በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ከቻርለስተን እስከ ሳቫና ስላደረግነው ጉዞ ባለፈው ስጽፍ፣ ፎርት ሰምተር በር ድረስ በመኪና ይደረሳል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ምሽጉ ያለው በቻርለስተን ወደብ መግቢያ፣ ውሃ መሃል ነው። መኪናችሁን ከተማ አቁማችሁ በጀልባ ትሻገራላችሁ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጀመረውም እዚሁ ምሽግ ላይ በተከፈተ ተኩስ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1861 እ.ኤ.አ. ነው። 1865 ያልኩት ያበቃበት ዓመት ነው።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የቅርጫቶቹ ነገር ነው። ከቻርለስተን አጠገብ ባለችው ማውንት ፕሌዘንት ከተማ፣ 17 ቁጥር መንገድ ዳር የሚሸጡትን «የዘንባባ» ብያቸዋለሁ። ዋናው ሣር ስዊትግራስ ነው፤ ዘንባባው መስፊያው ነው። ልክ እንደኛ ስፌት ዙሪያውን እየተጠቀለለ ይሰፋል። የጉላ ጊቺ (የዚያ ጠረፍ ጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰብ) ባለሙያዎች ይህን ጥበብ የወረሱት ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ከተወሰዱ ቅድመ አያቶቻቸው ነው።