ለላሟ እናመርታለን፣ ለልጃችን እንለምናለን

ወገኖቼ፣ ዛሬ እንወቃቀስ። ራሴንም ጨምሬ ነው።

ኅዳር 5 ቀን 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ የተባለው ገዳይ ቫይረስ መግባቱ ተረጋገጠ። በሳምንቱ ኅዳር 12 ነበር። እኛ ሰፈር እንደ ወትሮው ቆሻሻው ተሰብስቦ ተቃጠለ፤ ጭሱ ዓይን አላስገልጥ አለ። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ እንዳይመለስ መሆኑ ነው። ልማዱን አልነቅፍም፣ እንዲያውም እወደዋለሁ። ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ዝግጅታችን ጭስ ነው እንዴ?

ማርበርግ ከታወቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጂንካ ሲደርስ ግን ፈቃድ ያገኘ ክትባት አልነበረውም። ሩዋንዳ መስከረም 2017 ላይ ሲገባባት፣ 10 ቀን ሳይሞላ ሐኪሞቿ የሙከራ ክትባት መከተብ ጀመሩ። ተአምር አይደለም። ወረርሽኙ ሳይመጣ የአሜሪካ መንግሥት ለዓመታት ገንዘብ አፍስሶበት ነበር።

የሰው ገንዘብ ግን የሰው ነው። 2013 የካቲት መጨረሻ ላይ 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኒካ የኮቪድ ክትባት ቦሌ ደረሰ፤ ሕንድ የተመረተ። ብዙም ሳይቆይ ሕንድን ራሷን ኮቪድ አጣደፋትና ወደ ውጭ መላክ አቆመች። እናቴ የመጀመሪያውን ተወግታ፣ ለሁለተኛው ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጤና ጣቢያ ስትመላለስ ከረመች። «አልገባም እማማ፣ ሌላ ጊዜ ይምጡ።» በሕንድ አልፈርድም። የራሱን ልጅ ትቶ የጎረቤት የሚያጎርስ ማን አለ?

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ለከብት፣ ለበግ፣ ለዶሮ ክትባት የሚያመርት ተቋም አለን። 60 ዓመት ገደማ ሠርቷል፤ ለአፍሪካ አገሮችም ይሸጣል። በ1880ዎቹ ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀንን ያመጣብን የደስታ በሽታ ዛሬ በክትባት ከምድር ጠፍቷል። ለላሟ ሲሆን ይቻላል። ለልጃችን ሲሆን ቦሌ ሄደን ካርጎ እንጠብቃለን።

«ድሃ ነን» እንዳትሉኝ። እድርተኛ ሕዝብ ነን እኮ! ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ አግዳሚውም የሚገዛው ሰው ሳይሞት ነው። በወሩ ያልከፈለ ይቀጣል። ድንኳኑ ዓመቱን ሙሉ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ «ብራችን ባከነ» ያለ አባል አላየሁም። ክትባት ላይ ሲሆን ግን፣ አንድ ተመራማሪ አምስት ዓመት ሠርቶ ውጤት ካላሳየ «ምን ሲሠራ ነበር?» እንላለን።

ሰኔ ላይ በጀቱ ምክር ቤት ሲቀርብ ለተወካያችሁ ደውሉ። ስለ አስፋልቱ ጠይቁ፣ ግድ የለም። ቀጥላችሁ ግን «ለሰው ክትባት ምርምርና ማምረቻ ስንት ብር ተያዘ?» በሉ። «አጣራለሁ» ካሉ በሳምንቱ መልሳችሁ ደውሉ።