የዕድር ወንበርና ፑድል

በእኛ ሰፈር ውሻ ያለው የሥራ መደብ አንድ ብቻ ነው፤ ጥበቃ። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ ደመወዙን በትርፍራፊ ይቀበላል። በትርፍ ጊዜው ደግሞ በስሙ መልእክት ያደርሳል፤ ፊት ለፊት ልንናገረው የማንደፍረውን ነገር የውሻ ስም አድርገን በአጥር ላይ እንጮኸዋለን። እኔም አጥር የምንጋራቸው የዕድራችን ዳኛ «ቀብር ቀርተሃል» ብለው ከቀጡኝ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነስቻቸው፣ ጠባቂ ውሻዬን «ይፍረደው» ብዬ ከሰየምኩ እነሆ ሁለት ዓመት አለፈኝ።

በዚህ መካከል የእህቴ ልጅ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ስትሄድ፣ ፑድል ውሻዋን ከአዲስ አበባ አምጥታ ሐዋሳ እኔ ዘንድ በአደራ አስቀመጠችው። ነጭ፣ ቁመተ ረጅም፣ ጸጉሩ የተጠቀለለ ነው። ስሙ «ይቅርታ» ይባላል፤ እጮኛዋ አንድ ከባድ ጥፋት አጥፍቶ ለካሣ ያመጣላት ስለሆነ ነው። (ጥፋቱ ምን እንደነበረ አልጠየቅኩም፤ የውሻውን ዋጋ ስሰማ ግን ቀላል እንዳልነበረ ገባኝ።) የመጣው የፋሲካ ሰሞን በመሆኑ፣ በገመድ ይዤው በታቦር ተራራ ግርጌ ሳዘግም ሦስት ሰዎች አስቁመው «ስንት ተገዛ?» ብለው ጠየቁኝ። አራተኛው፣ በበግ ግዢ የበሰሉ ሰው ሳይሆኑ አልቀሩም፣ ጀርባውን ጨበጥ አድርገው ሥጋውን ከመዘኑ በኋላ «ላት የለውም፤ አታለውሃል» ብለው ከልባቸው አዘኑልኝ።

ከውሻው ጋር አንድ ደብተር ተረክቤአለሁ። በደብተሩ እንደተጻፈው ፑድል አእምሮው ፈጣን በመሆኑ ሥራ ካልተሰጠው ይሰለቸዋል፣ ከሰለቸው ደግሞ ሶፋ ይበላል፤ ስለዚህ በየዕለቱ የእግር ጉዞ፣ በየሳምንቱ ደግሞ ስፖርት ያስፈልገዋል። ሐኪም ለስኳሬ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር እንድሄድ ሲያዘኝ «ከበዓል በኋላ እጀምራለሁ» እያልኩ ስድስት ዓመት የቀጠርኩት ሰው፣ ለሶፋዬ ስል በማግሥቱ ማለዳ ተነሳሁ።

በደብተሩ ከተዘረዘሩት ስፖርቶች የመጀመሪያው አጂሊቲ ነው። ውሻው በጌታው ምልክት እየተመራ መሰናክል ይዘላል፣ በቱቦ ውስጥ ይሾልካል፣ ከዚያም በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት በተተከሉ 12 ዘንጎች መካከል ግራና ቀኝ እየተጥመለመለ ያልፋል፤ ጥፋት ሳያበዛ ፈጥኖ የጨረሰ ያሸንፋል። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ላይ፣ ክራፍትስ በተባለው የውሻ ትርኢት፣ ተመልካች በውድድሮች መካከል እንዳይሰለች ተብሎ ከፈረስ ዝላይ የተቀዳ ነው። መሰናክሉን ከመጥረጊያ እንጨት፣ መሿለኪያውን ከአሮጌ ጎማዎች ሠራሁ። ዘንግ ግን አልነበረኝም። አሰብኩና ከዕድሩ ዕቃ ቤት 12 የፕላስቲክ ወንበር አስወጥቼ፣ ቅዳሜ ማለዳ በግቢዬ ውስጥ በአንድ መስመር ደረደርኩ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያዋ ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ሁለተኛዋ ከበሩ ጀምራ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን ትመታ ነበር፤ ማን እንደሞተ አልጠየቀችም፣ ወንበር አይታለችና። እኔ አፌን ከፍቼ «ለውሻው እኮ ነው» ስል፣ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው «ውሻው ነው ያረፈው? እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ። ለማስረዳት ስሞክር ሰዉ በ12ቱ ዘንጎች ላይ ተቀምጦ ጨረሰ፤ ቡና ተፈላ፣ ንፍሮ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ውሻውም የተባለውን ሳይረሳ በለቀስተኞቹ እግር መካከል ግራና ቀኝ እየተጥመለመለ አለፈ። አንዲት ጥፋት አልፈጸመም። ኩርፊያ ለቅሶ አያስቀርምና ዳኛውም መጡ፤ ከበሩ ቆመው ሁኔታውን ከመረመሩ በኋላ፣ የዕድርን ንብረት ላልተፈቀደ ዓላማ በማዋል የሚል ሁለተኛ ቅጣት ጽፈው ሄዱ።

ስለዚህ ወደ ውኃው ዞርን። ፑድል ከመነሻው የውኃ ውሻ ነው፤ ስሙም ውኃ ማንቦጫረቅን ከሚገልጽ የጀርመንኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ጥንት ሥራው አዳኝ መትቶ የጣለውን ዳክዬ ከውኃ አውጥቶ ማምጣት ነበር። ሰው ሁሉ የሚስቅበት ቁርጡ እንኳ ምክንያት ነበረው፤ ለዋና እንዲቀለው ገላው ይላጫል፣ ደረቱና መገጣጠሚያዎቹ ግን እንዳይበርዳቸው ጸጉር ይተውላቸዋል። ይህን ለቡና ለመጡ አንዲት እናት ባስረዳቸው «አሃ፣ የቁርጥማት ካልሲ ነዋ!» ብለው፣ ለራሳቸው ጉልበት የሚሆን የት እንደሚሸጥ ጠየቁኝ። የባጃጅ ሾፌራችን ደግሞ፣ ጆን ሱተር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1988 አላስካ ውስጥ ፑድሎች ጠምዶ በኢዲታሮድ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር መሳተፉን ብነግረው ብዙም አልተደነቀም፤ «ነዳጅ የጠፋ ቀን ያከራዩኛል?» ብቻ አለኝ።

ከመድረክ ወደ ውኃ የመዝለሉ ስፖርት ቀላል ነው። ጌታው መጫወቻ ወደ ውኃው ይወረውራል፣ ውሻው ተንደርድሮ ይዘላል፤ ርቀቱ የሚለካው የጅራቱ ሥር ውኃውን በነካበት ቦታ ነው። (ላት ፈላጊው ሰውዬ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?) ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ስንደርስ ዳኞቹ ቀድመውናል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች መላጣቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥቁር ካፖርታቸውን ደርበው፣ እንደ ሽማግሌ ተሰልፈዋል። ጉማሬ አለመኖሩን ከዓሣ አጥማጆቹ ካጣራሁ በኋላ ኳሷን ወረወርኩ። ይቅርታም አኩሪ ዝላይ ዘለለ፤ ዳሩ ግን ኳሷን ንቆ፣ የመረብ ተንሳፋፊ በጥርሱ ይዞ፣ መረቡን ከነቆሮሶ ዓሣው እየጎተተ ወደ ዳር ተመለሰ። የአያቶቹ ደም ጠርቶት ነው እንጂ ሌባ አይደለም ብዬ ብማልድም፣ ባለመረቡ የአያቶቹን ዕዳ ከእኔ ተቀበለኝ። የወደቀውን ዓሣ ደግሞ አባ ኮዳዎቹ የዳኝነት አበል አድርገው ተከፋፈሉት።

በደብተሩ የቀረው የታዛዥነት ስፖርት ነበር፤ ወጪ የለውም፣ ወንበር አይፈልግም። ታሪኩም ደስ አሰኘኝ። በኒውዮርክ ግዛት ትላልቅ ፑድሎች ታረባ የነበረችው ሄለን ዋይትሃውስ ዎከር፣ ፑድል ጌጥ እንጂ ውሻ አይደለም ለሚሉ ሰዎች ችሎታውን ለማሳየት፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ከየዘሩ የመጡ ውሾች የሚፈተኑበት ውድድር አዘጋጀች፤ የአሜሪካ የታዛዥነት ውድድር የተጀመረውም በዚያው ነው። የሳቁብኝን ሰዎች ስቆጥር ሴትዮዋ የሥጋ ዘመዴ መሰለችኝ። ከፈተናዎቹ አንዱ፣ ውሻው ከሩቅ ሲጠራ በቀጥታ መጥቶ በጌታው ፊት መቀመጥ ነው። ደብተሩ፣ ጠሪው ድምፁን እንዲያለሰልስ፣ እምቢ ካለም እንዲንበረከክና እጆቹን እንዲዘረጋ ይመክራል። እኔም ከጓሮ፣ በቆርቆሮው አጥር ሥር፣ በየማለዳው 12 ሰዓት ላይ፣ ጉበት በኪሴ ይዤ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በተቻለኝ ልስላሴ ተጣራሁ፦ «ይቅርታ! ይቅርታ! እባክህ፣ ይቅርታ!»

በሦስተኛው እሑድ ዳኛው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከተፍ አሉ። ዓይናቸው ዕንባ አቅርሯል።

«አንተ ሰው፣ ይበቃል» አሉኝ። «መጀመሪያ የምታሾፍ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን በቆርቆሮው ቀዳዳ ተንበርክከህ አየሁህ። እኔ ማን ነኝና?» ሁለቱንም ቅጣት አነሱልኝ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን፤ ሽማግሌዎቹ መረቁን። ውሻው ከእግሬ ሥር ተቀምጦ ሲያየኝ፣ ስሙን ማንም እንዳይጠይቀኝ ስል ለእንግዶቹ ደጋግሜ ቡና አስቀዳሁ። ወደ ማታ ደግሞ፣ ለጨዋነት ያህል፣ «ይፍረደውን» «መቻል» ብዬው አደርኩ።

በማግሥቱ በ12 ሰዓት ግን ልምምድ ልምምድ ነውና፣ ወደ ጓሮ ወጥቼ በተቻለኝ መጠን ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቅርታ!» አልኩ።

ከአጥሩ ማዶ፣ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ድምፅ መለሰልኝ፦ «ኧረ ጨርሰናል እኮ!»