ክርክር፦ ጎበዝ ሴት ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ትግባ ወይስ ከቤቷ ትማር?

ለንደን ውስጥ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ሲገናኙ ደጋግሞ የሚነሳ ጉዳይ ነው። ልጅቷ 10 ዓመቷ ነው፣ በትምህርቷ ጎበዝ ናት። አስተማሪዋ ወላጆቿን ጠርታ «የሴቶች የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ፈተና ትቀመጥ፣ አቅም ከሌላችሁ ክፍያውን እነሱ ይሸፍናሉ» ትላለች። ከዚያ ቤት ውስጥ ክርክር ይጀመራል። አንዲት እናትና አንድ አባት ሐሳባቸውን ጽፈዋል። ባልና ሚስት አይደሉም፣ ግን ሁለቱም ሴት ልጅ አላቸው፤ ስለ ልጅቷም እንደ ራሳቸው ልጅ አድርገው ይከራከራሉ።

እናት፦ ገንዘቡን አስቀድመን እንገላገለው። እነ ቼልተንሃም ሌዲስ ኮሌጅ፣ እነ ዊኮም አቤይ የሚባሉት የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለአንድ አዳሪ በዓመት ከ50 ሺህ ፓውንድ በላይ ያስከፍላሉ። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ደግሞ መንግሥት በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ቫት ጥሎበታል። ታክሲ ነድቶ ወይም አረጋውያን ተንከባክቦ ይህን የሚከፍል የለም። ግን በርሰሪ የሚባል የክፍያ ድጋፍ አለ። እሱ በወላጅ ገቢ ነው የሚታየው፤ አንዳንዴ ሙሉውን ክፍያ ይሸፍናል። ለጎበዝ ተማሪ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ሌላ ነው፣ ስሙ ይገናል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ትንሽ ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ በርሰሪውን ጠይቁ።

አሁን ወደ ልጅቷ። የፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2012 ያወጣው ጥናት አለ። እንግሊዝ ውስጥ በሴቶች ብቻ ትምህርት ቤት የተማረች ልጅ በኤ ሌቭል (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ባለው የመጨረሻ ደረጃ) ፊዚክስ የመምረጥ ዕድሏ፣ ከወንዶች ጋር ከተማረችው ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ይጠጋል። ልጅቷ ያው ልጅ ናት፣ የተለወጠው ክፍሉ ነው። ሴት ብቻ ባለበት ክፍል ፊዚክስ «የወንድ» የሚሆንበት ምክንያት የለም። ቤተ ሙከራው ውስጥ ሽቦውን የሚያገናኘውም፣ ውጤቱን የሚጽፈውም ሴት ነው። ደግሞ በ2021 የትምህርት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ኦፍስቴድ ተማሪዎችን ሲጠይቅ፣ ከ10 ሴቶች 9 ያህሉ ሴትን የሚያዋርድ ስድብ በእኩዮቻቸው መካከል እንደሚያጋጥም ተናግረዋል። ልጄ ይህን እየሰማች እንድታድግ አልፈልግም።

አባት፦ እህቴ፣ የጠቀስሽውን ጥናት እኔም አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ግን ዘለልሽ። ያ ቁጥር የመጣው ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። በነጻ ከሚማሩት፣ ማታ ቤታቸው ከሚገቡት ልጆች! ታዲያ ጥቅሙ የሴቶች ክፍል ከሆነ፣ ማደሩን ምን አመጣው?

ፍራንሲስ ሜሪ ባስ የምትባል መምህርት ነበረች። ሴት ልጅ ከመርፌና ከፒያኖ አልፋ ሒሳብና ሳይንስ ትማር ብለው ከታገሉት ግንባር ቀደሟ ናት። በ1850 ኖርዝ ለንደን ኮሌጂየትን መሠረተች፣ በ1871 ደግሞ የካምደን የሴቶች ትምህርት ቤትን። የመጀመሪያው ዛሬ ውድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው የመንግሥት ነው፣ አይከፈልበትም፣ 29 ቁጥር አውቶቡስ በአጠገቡ ያልፋል። የባስን ሐሳብ የምትወጂ ከሆነ፣ ልጅሽ በነጻ የአውቶቡስ ካርዷ ሄዳ ተምራ ማታ እራቷን ከእናንተ ጋር ትብላ። እዚያ ቦታ ባይገኝ እንኳ በከተማው ሌሎች የሴቶች የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ።

የ11 ዓመት ልጅ ገና ልጅ ናት። ማታ ሲከፋት የምትሄደው ወደ ማን ነው? የአዳሪዎቹ ቤት ኃላፊ መምህርት ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለች፣ ግን የብዙ ልጆች ኃላፊ ናት። በብዙ ትምህርት ቤት ትንንሾቹ ማታ ስልካቸውን ያስረክባሉ። ለእንቅልፋቸው ጥሩ ነው፣ አልክድም። ለናፈቀች ልጅ ግን ከባድ ነው። በልጆች ላይ የደረሰውን ጥቃት ያጣራው ገለልተኛ አጣሪ አካልም በ2022 ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ባወጣው ሪፖርት፣ ልጅ ከቤቱ ርቆ ማደሩ ራሱ አደጋውን ከፍ እንደሚያደርገው ተናግሯል። አማርኛውስ? ጾሙስ? በዐቢይ ጾም መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ፓስታው ሁሉ አይብ ተነስንሶበት ሲመጣ ልጅቷ ምን ታድርግ?

እናት፦ ወንድሜ፣ የጾም ምግብ ችግር አይደለም። ወተትና እንቁላል የማይበሉ ተማሪዎች ዛሬ ሞልተዋል፣ ወጥ ቤቱ ያውቀዋል፣ መናገር ብቻ ነው። ጥቃቱን በተመለከተ ግን ልክ ነህ። ትምህርት ቤቱን ስንጎበኝ ቀድመን የምንጠይቀው እሱን መሆን አለበት። ልጅ ቅሬታ ሲኖራት ከትምህርት ቤቱ ውጭ ለማን ትነግራለች? ማታ በየአዳሪ ቤቱ ከልጆቹ ጋር ማን ያድራል? በግልጽ የማይመልስ ትምህርት ቤት ይቅርብን።

«ማደሩን ምን አመጣው» ላልከው ግን እውነቱን ልንገርህ። ያመጣው የእኛ ቤት ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ አምስት ሰው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ትገባለች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ «ሽንኩርቱን ክተፊልኝ» እንላታለን። ከዚያ ታናሽ ወንድሟን ታጥባለች። ከዚያ ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) የመጣውን ደብዳቤ ታስተረጉማለች፣ የመብራት ኩባንያው ጋ ደውላ በእናቷ ስም ታወራለች። እንግዳ ከመጣ ቡና ታፈላለች። ደብተሯን የምትከፍተው ሰው ሲተኛ ነው፣ ያውም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ የራሷ ጠረጴዛ ስለሌላት። ታላቅ ወንድሟ ግን? እሱ «እያጠና ነው»፣ አይነካም።

አዳሪ ቤት ከእራት በኋላ የጥናት ሰዓት አለ። ሁሉም ይቀመጣል፣ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ማንም አይጠራትም። ለሀብታሞቹ ልጆች ይህ ተራ ነገር ነው። ለእኛ ልጅ ግን በሕይወቷ አግኝታው የማታውቀው ነገር ነው። እንግዳ ባህል ነው እንዳትለኝ ደግሞ። እቴጌ መነን በ1930ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ ልጃገረዶች እዚያው እያደሩ ነው የተማሩት።

አባት፦ ይህን ስላነሳሽ አመሰግናለሁ፣ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነውና። ግን እስቲ ያልሽውን መልሰሽ አንብቢው። ቤቱ በድሏታል፣ ስለዚህ እሷ ከቤት ትውጣ። ለምን እሷ ትውጣ? ታላቅ ወንድሟ ሽንኩርት መክተፍ አያቅተውም። እኔ አባቷም ሳህን ማጠብ አያቅተኝም። ደብዳቤውንም ካውንስሉን አስተርጓሚ ጠይቀን መጨረስ እንችላለን። እሷ ስትሄድ ሥራው የሚወድቀው በማን ላይ ነው? በታናሽ እህቷ ላይ! አንዷን አድነን ሌላዋን ተካን ማለት ነው።

እናት፦ እውነት ነው። አንተ ሳህኑን እጠብ፣ እኔም ልጄን ወንዱን አስነሳዋለሁ። ግን ይህንን ስንት ዓመት ስንለው ኖረናል? ልጅቷ በመጪው መስከረም 11 ዓመት ይሞላታል። ቤታችን እስኪስተካከል በ16 ዓመት የሚወሰደው የጂሲኤስኢ ፈተናዋ አይጠብቃትም። ደግሞ ማደር ማለት የግድ ዓመቱን ሙሉ መራቅ አይደለም። ዓርብ ማታ ቤቷ መጥታ እሑድ ማታ የምትመለስበት ሳምንታዊ አዳሪም አለ። ቅዳሜ አማርኛዋን ትማራለች፣ እሑድ ታስቀድሳለች።

አባት፦ ሳምንታዊው ከሆነ፣ ያውም ከለንደን ባቡር ተሳፍራ በአንድ ሰዓት የምትደርስበት ከሆነ፣ ልሰማሽ እችላለሁ። ሁለት ነገር ግን እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ በርሰሪው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይታያል። አባት ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ገቢው ከፍ ሲል ይቀንሳል። ልጅቷ በ14 ዓመቷ ጓደኞቿን ትታ እንዳትወጣ፣ እስክትጨርስ ድረስ ምን ዋስትና እንዳለን ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ይንገረን። ሁለተኛ፣ ፈተናውን ከመቀመጧ በፊት አንድ ሌሊት እዚያ አድራ ትየው። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ስትመለስ እኔም አንቺም ዝም እንበልና እሷ ትንገረን።

እናት፦ በዚህ ተስማምቻለሁ። «አልፈልግም» ካለች ፎርሙን አልሞላም። «እፈልጋለሁ» ካለች ግን አንተም «ገና ልጅ ናት» ብለህ እንዳትመልሳት።