አገር ቤት የተጀመረ፣ በስደት የተጨረሰ ሩት ካናል

ሩት ካናል በሚባለው፣ የተበከለውን የጥርስ ውስጥ አጥቦ በሚደፍነው የጥርስ ሥር ሕክምና ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ። የመጀመሪያው ለዕረፍት አገር ቤት በሄድኩበት ወቅት ተጀምሮ በስደት በምኖርበት አገር የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚሁ ተከናውኗል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ታናሽ እህቴ ባለፈው ወር ከአገር ቤት ደውላ «ጋሼ፣ ሩት ካናል ያስፈልጋል ተባልኩ፤ ያን ሁሉ ከምሰቃይ አስነቅዬው ብገላገል አይሻልም?» ብላ መጠየቋ ነው። በስልክ የሰጠኋት መልስ የተቆራረጠ ስለነበር፣ በሁለቱ ወንበሮች ላይ ተኝቼ የታዘብኩትን እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ታካሚ በሙሉ ላሰፍረው ወሰንኩ።

አስቀድሜ ስለ ሕመሙ ልናገር። ሩት ካናል የሚለው ስም የሚያስፈራው፣ ሰዎች ከሕክምናው በፊት ያለውን ሥቃይ ከሕክምናው ጋር አንድ አድርገው ስለሚያስቡት ይመስለኛል። በጥርስ ውስጥ፣ ከጠንካራው ሽፋን በታች፣ ነርቭና የደም ሥሮች የያዘ ለስላሳ አካል አለ፤ እርሱም በቀጫጭን ቦዮች እስከ ሥሩ ጫፍ ይዘልቃል። ጥርሱ ተቦርቡሮ ወይም ተሰንጥቆ ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ሲገባ ይህ አካል ይቆጣል፤ እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል ሊያብጥ ቢሞክርም ዙሪያው ጠንካራ ግድግዳ ስለሆነ መስፊያ አያገኝም፤ ግፊቱም ተመልሶ በነርቩ ላይ ያርፋል። ቀዝቃዛ ውሃ የቀሰቀሰው ሕመም ውሃው ከተዋጠ በኋላም ሲጠዘጥዝ ከቆየ፣ ወይም ጋደም ሲሉ ደም ወደ ራስ በመብዛቱ ከባሰ፣ ሐኪሞች ነርቩ ወደማይድንበት ደረጃ መድረሱን ይጠረጥራሉ። እኔ በላይኛው መንጋጋ ጥርሴ ምክንያት ሦስት ሌሊት ትራስ ደራርቤ፣ ተቀምጬ አነጋሁ። በአራተኛው ቀን ሕመሙ ድንገት ጠፋ። ዳንኩ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። የሆነው ግን ነርቩ መሞቱ ነበር፤ ሕመሙን የሚያሰማው አካል ስለሞተ ጥርሱ ዝም አለ እንጂ፣ ባክቴሪያው ባዶውን ቦይ ይዞ ወደ አጥንቱ መዝለቁን አላቆመም።

በዚያን ጊዜ ወደ ሐኪም መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። በምኖርበት አገር የጥርስ መድን ከጠቅላላው የጤና መድን የተለየ ነው፤ እኔም የሌለኝ ያ የጥርሱ መድን ነበር። ስለዚህ ብዙዎቻችን በስደት ያለን ሰዎች እንደምናደርገው «ለዕረፍት አገር ቤት ስሄድ አሳየዋለሁ» ብዬ ለወራት አቆየሁት። ይህ ልማዳችን የጥርስ ሕክምናን ከዘመድ ጥየቃ ጋር አብሮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለማጠናቀቅ እንድናቅድ ያደርገናል፤ ጥርስ ለማጠብ ወይም ትንሽ ቀዳዳ ለመሙላት ምንም ላይከፋ ይችላል፤ ለሩት ካናል ግን አደገኛ ነው። ድዴ ላይ፣ ልክ ከሥሩ ጫፍ አጠገብ፣ መግል የቋጠረች ትንሽ እብጠት ብቅ እስክትል ድረስ ይህን አላሰብኩም ነበር።

አገር ቤት ያከሙኝ ሐኪም በዕድሜ የገፉና እጃቸው የሰከነ ሰው ነበሩ። ራጅ አስነሥተው፣ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ የሚታየውን ጥቁር ጥላ በጣታቸው እያመለከቱ «ልጄ፣ ይህ የተበላ አጥንት ነው፤ ምንጩ ከደረቀ ይመለሳል» አሉኝ። በወረቀት ላይ ጥርስ ሥለው ቦዮቹን አሳዩኝ፤ ማደንዘዣውን ሲወጉ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አሁን ትንሽ ትቆነጥጥሃለች» ብለው አስጠነቀቁኝ፤ መቆንጠጧ ካለፈ በኋላ ምንም ሕመም አልተሰማኝም። የተሰማኝ የመሰርሰሪያው ንዝረትና ድምፁ፣ ከዚያም ቀጫጭን መርፌ መሰል ሞረዶች በቦዮቹ ውስጥ እየገቡ ሲወጡ የሚሰማ ሻካራ ፍግፈጋ ነበር። ቦዮቹን የሚያጥቡበት ፈሳሽ በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ጀርም ይገድላል፣ የሞተ ሥጋም ያሟሟል። በአፌ ውስጥ ከጥጥ በቀር መከላከያ ስላልነበረ የዚያን ፈሳሽ ጣዕም በምላሴ ቀመስኩት፤ ከዚህም ይልቅ ያስጨነቀኝ ከሞረዶቹ አንዱ ከእጃቸው አምልጦ ወደ ጉሮሮዬ እንዳይገባ ነበር።

በዚያ ቀን ቦዮቹን አጥበው፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ነጭ ለጥፍ አስገብተው፣ በጊዜያዊ መሙያ ከደኑት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድመለስ ቀጠሩኝ፤ የእኔ በረራ ግን በዐሥረኛው ቀን ነበር። «እንግዲያው እንደደረስክ ሳትውል ሳታድር አስጨርሰው» አሉኝ። የተነሣሁትን ራጅ ይዤ መሄድ እንዳለብኝ እኔም አልጠየቅሁ፣ እሳቸውም አላነሡልኝ።

ስመለስ ጥርሱ ፍጹም ጤነኛ መስሎ ታየኝ። ያበጠው ድድ ደርቋል፤ ሕመም የለም። ሥራው፣ የተጠራቀመው ደብዳቤ፣ የቤት ጣጣው ተደራርቦ ሦስት ወር አለፈ። ጊዜያዊ መሙያ ስሙ እንደሚለው ለሳምንታት ብቻ የሚያገለግል ነገር ነው፤ እየተሸረሸረ ሲሄድ ምራቅና ባክቴሪያ በጠርዙ ሾልከው ገብተው የታጠበውን ቦይ ዳግም ይበክሉታል። አንድ ጠዋት ስበላ የጥርሱ አንድ ጎን ተገንጥሎ ወደቀ። ሩት ካናል የተጀመረለት መንጋጋ ጥርስ መሃሉ ተቦርቡሮ ስለሚሳሳ፣ ከሕክምናው በኋላ ክራውን የሚባለው ሙሉ ቆብ ካልተደፋለት የመሰበር ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑን ያኔ ተማርኩ።

ወደ ጥርስ ሥር ሕክምና ስፔሻሊስት ተላክሁ። ሐኪሟ የጠየቀችኝ ሦስት ነገር ነበር፦ መቼ ተጀመረ፣ ስንት ቦይ ተገኘ፣ ምን መድኃኒት ተደረገበት። ከመጀመሪያው በቀር መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ እንደ አዲስ ተጀመረ።

ይህኛው ወንበር በብዙ ነገር የተለየ ነበር። አስቀድሜ ጥርሱ ሊሰበር፣ ሞረድ በቦይ ውስጥ ተቆርጦ ሊቀር፣ ሕክምናውም ላይሳካ እንደሚችል የሚዘረዝር ወረቀት አንብቤ ፈረምኩ፤ ወረቀቱ ቢያስደነግጠኝም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን እውነት የነገረኝ እርሱ ነው። ከዚያ ጥርሱ ብቻ በቀዳዳው እንዲወጣ ተደርጎ አፌ በስስ የጎማ ሽፋን ተሸፈነ። ይህ የጎማ ሽፋን አዲስ ነገር አይደለም፤ የኒው ዮርኩ የጥርስ ሐኪም ሳንፎርድ ባርነም እ.ኤ.አ. በ1864 ያመጣው ነው። ምራቅ ወደ ቦዩ እንዳይገባ፣ ፈሳሹና ሞረዱም ወደ ጉሮሮ እንዳይሄድ የሚከለክለው ይኸው ቀላል ጎማ ነው። አገር ቤት የሚጠቀሙበት ሐኪሞች አሉ፤ እዚህም የማይጠቀሙበት አይጠፉም። ነገር ግን ከማይክሮስኮፑም ከኮምፒዩተሩም በፊት በሁለቱም አገር ያለ ታካሚ ሁሉ ሊያገኘው ይገባል ብዬ የማምነው መሣሪያ ይህ ነው።

ሐኪሟ በማይክሮስኮፕ እያየች አራተኛ ቦይ አገኘች። የፊት ጥርሶች ብዙውን ጊዜ አንድ ቦይ ሲኖራቸው፣ የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ብዙ ጊዜ አራት አለው፤ አራተኛው እጅግ ቀጭን ስለሆነ በዓይን ብቻ ለሚፈልግ ሰው በቀላሉ ይሰወራል። ይህን ስሰማ የአገር ቤቱን ሐኪም ለመውቀስ አልቸኮልኩም፤ ሥራውን በሚያዩት ልክ ሠርተዋል፤ እኔ ግን እንዲጨርሱት ዕድል አልሰጠኋቸውም። ደግሞም እዚህ በዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ማንም አንዲት ቃል አልተናገረኝም። መሣሪያው ጢጥ ጢጥ ሲል ምን እንደሆነ ሳላውቅ ልቤ ይመታ ነበር፤ የቦዩን ርዝመት የሚለካ እንደሆነ የሰማሁት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ትከሻዬን የያዘኝ የሽማግሌው እጅ በዚያች ሰዓት ናፈቀኝ።

ሁለተኛው ጥርስ ከታች በኩል ነበር፤ ይህን ጊዜ ተምሬ ስለነበር ነርቩ ሳይሞት በሕመሙ መካከል ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በሁለቱ ሕክምናዎች ውስጥ ከተሰማኝ ሕመም ሁሉ የበረታው በዚህ ዘመናዊ ክፍል ውስጥ የተሰማኝ ነው፤ ምክንያቱም የሐኪሟ ጉድለት አይደለም። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ እ.ኤ.አ. በ1943 በስዊድን በኒልስ ሎፍግሬን ከተቀመመ ጀምሮ የጥርስ ሕክምናን ለውጧል፤ ይሁን እንጂ በኃይል በተቆጣ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ የመጀመሪያው መርፌ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከንፈሬ ደንዝዞ ሳለ መሰርሰሪያው ወደ ውስጥ ሲጠጋ ሕመሙ እንደ መብረቅ ወጋኝ። እጄን አነሣሁ፤ ወዲያው ቆመች። በሌላ ቦታ ደግማ ወጋችኝ፤ በመጨረሻም ጥቂት ጠብታ በቀጥታ በነርቩ ውስጥ አስገባች፤ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ አቃጠለኝና ከዚያ በኋላ ፍጹም ጸጥታ ሆነ። ሕመምን ችሎ ዝም ማለት ጨዋነት ተደርጎ በሚታይበት ቤት ያደግን ሰዎች በዚህ ወንበር ላይ ዝም ማለት የለብንም፤ እጅ ማንሣት ሐኪሙን ያግዛል።

ወደ አገር ቤት ከምንልካቸው ነገሮች መካከል አንዱ ወሬ መሆኑንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። እህቴን ካስፈሯት ነገሮች አንዱ «ነርቩ የተወገደ ጥርስ ልብንና ሌላውን አካል ይመርዛል» የሚል፣ ከውጭ የሚኖር ዘመድ በስልክ የላከላት መልእክት ነበር። ይህ ሐሳብ ሥሩ የቆየ ነው፤ ብሪታንያዊው ሐኪም ዊልያም ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1910 በሞንትሪያል ባደረገው ንግግር ከተስፋፋ በኋላ፣ ዌስተን ፕራይስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በሙከራ አረጋገጥኩት አለ፤ በዚህም ሳቢያ ሊድኑ የሚችሉ እጅግ ብዙ ጥርሶች ተነቀሉ። የፕራይስ ሙከራዎች ከብክለት በበቂ ሁኔታ ስላልተጠበቁ በኋላ ተቀባይነት አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ከጀርም ነጻ ሆነው ባደጉ አይጦች ላይ የጥርሱ ነርቭ ተጋልጦም እንኳ መግል እንዳልያዘ፣ ጀርም ባለባቸው አይጦች ግን ነርቩ እንደሞተ አሳየ። እንግዲህ ጠላቱ ባክቴሪያው ነው፤ ሩት ካናልም ያንን አጥቦ ቦዩን ጉታ ፐርቻ በተባለ ጎማ መሰል ነገር የሚደፍን ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን መልእክት ሳናጣራ የምናስተላልፍ ሰዎች በሩቅ ያለ ወገናችንን ጥርስ እያስነቀልን መሆኑን ልብ ልንል ይገባል።

ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ቀናት ሲያኝኩ ማመሙ የተለመደ ነው፤ በሥሩ ዙሪያ ያለው ሕብረ ሕዋስ ስለተነካካ ነው። እኔ በኢቡፕሮፌንና በፓራሲታሞል አሳለፍኩት፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰው ግን ኢቡፕሮፌን ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። አንቲባዮቲክ በሁለቱም አገር ያለ ቦታው ሲወሰድ አይቻለሁ። ነርቩ ተቆጥቶ እብጠትና ትኩሳት በሌለበት ጊዜ አንቲባዮቲክ ሕመሙን አያስታግስም። ፊት ሲያብጥ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ በተለይም መዋጥ፣ አፍ መክፈት ወይም መተንፈስ ሲያስቸግር ግን የነገ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ለእህቴ የነገርኳት ይህን ነው። ጥርሱ ከድድ በታች ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ወይም ቆብ የሚሸከም አካል ካልቀረው፣ መንቀል ትክክለኛ ሕክምና ነው፤ ሐኪሙም ይህን ሊነግርሽ ይገባል። ካልሆነ ግን በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች እያዘነበሉ፣ ከፊት ለፊቱ ያለውም ወደ ባዶው ቦታ እየወጣ፣ አንድ ጥርስ መንቀል የሌሎቹን ሥርዓት ያናጋል። ሩት ካናል ከተደረገላቸው 100 ጥርሶች መካከል ከ85 የሚበልጡት ከዓመታት በኋላም በአፍ ውስጥ እንደሚገኙ ጥናቶች ያሳያሉ። ከመጀመርሽ በፊት ስንት ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ፣ የጎማ ሽፋን ይኖር እንደሆነ፣ ቆቡ መቼና በማን እንደሚሠራ ጠይቂ፤ መጨረሻውን ሳታውቂ አትጀምሪ።

ባለፈው ሐሙስ ተከፈተላት። ነርቩ ገና በሕይወት ስለነበር መጀመሪያ አሟታል፤ እጇን አንሥታ ማደንዘዣ ተጨምሮላታል። ማታ የራጁን ፎቶ ላከችልኝ፤ ከሥሩም ሦስት ቦይ መገኘቱን፣ ምን መድኃኒት እንደገባና ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ጽፋበታለች።