ንፍሮውን የተቀበልንበት እጅ

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር በሆዴ ይዤ ልከርም ብዙ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ተቀምጠን ሳለ፣ አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ለ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትንበያ ኬንያ ኢትዮጵያን መብለጧን አነበበልን፤ የእነርሱ ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት፣ ማለትም በሀገር ውስጥ በዓመት የሚመረተው ዕቃና አገልግሎት ዋጋ፣ 132 ቢሊዮን ዶላር፣ የእኛ 117 ቢሊዮን። ድንኳኑ ወዲያው ኳስ ሜዳ መሰለ። ግማሹ «ድሮም የእኛ ቁጥር ውሸት ነበር» አለ፤ ግማሹ ኬንያን ቀድመን የምሥራቅ አፍሪካ ትልቁ ኢኮኖሚ የተባልንበትን ጊዜ እየጠራ ተቆጣ። ሟቹ ተረሳ።

በዚህ መሀል፣ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ ለለቅሶውም ሌሊቱን ሙሉ ሲጋግሩ ያደሩ የሰፈራችን እናት ንፍሮ በሰፌድ ይዘው ገቡ። ቆም ብለው አዳመጡና «ልጆቼ፣ እኔ የምጋግረውስ እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል?» ሲሉ ጠየቁ። ከረባት ያሰረው ሰው «እማማ፣ እርስዎ ንፍሮውን ያድሉ፤ ኬንያን ለእኛ ይተዉልን» አላቸው። ሳቁ ከውጭ ሳይሰማ አልቀረም። እርሳቸው «ይቅርታ» ብለው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉና ለሁላችንም፣ ለዚያም ሰው፣ አደሉን። እጃችንን ዘርግተን ተቀበልን።

እንዴት አላፈርንም? በዚያ ድንኳን ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ቁም ነገር የነበረው የእርሳቸው ጥያቄ ብቻ ነው። ለገበያ የጋገሩት በግምትም ቢሆን ይቆጠራል፤ ለልጆቻቸው እራት ምጣድ ላይ የፈሰሰው ድካማቸው ግን በእኛም በኬንያም መዝገብ የለም። እናንተ በስልካችሁ የምትሟገቱበት ቁጥር የተሠራው በእንደ እርሳቸው ያለ ሰው እጅ ነው፤ የቁጥሩ ባለቤት እርሳቸው ሲጠይቁ ግን ወደ ጓዳ መለስናቸው።

ደግሞስ የምንፎክርበትን ቁጥር መቼ መርምረነው እናውቃለን? ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በብር የተሠራው ምርታችን በዶላር ሲመነዘር አነሰ እንጂ፣ ገበሬው ጎተራ ያስገባው ጤፍ በአንድ ሌሊት አልጎደለም። ዶላር በጥቁር ገበያ ከባንኩ እጥፍ ገደማ ሲሸጥ በነበረበት ጊዜ፣ በባንኩ ተመን ተመንዝሮ ያበጠውን ቁጥር ይዘን ስንኩራራ ግን አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። 117 ቢሊዮኑን ከ120 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ብታካፍሉት ለአንድ ሰው 1,000 ዶላር አይሞላም፤ የኬንያው ለ55 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ሲካፈል ከ2,000 ያልፋል። በጠቅላላው ቀደምን ባልንባቸው ዓመታት እንኳ በነፍስ ወከፍ አልቀደምናቸውም። ያኔ የጨፈርነው በብዛታችን ነበር።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ምጣኔ ሀብት አስተማሪ ነኝ፤ ይህንኑ ስሌት በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። እናቲቱ ሲጠይቁ ከአጠገባቸው ነበርኩ፣ መልሱም አፌ ላይ ነበር። ጮክ ብዬ አልሳቅሁም፤ ፈገግ ብዬ ወደ ስኒዬ አቀረቀርኩ። ከረባት ያሰረው ሰው ባለማወቁ ሊማር ይችላል፤ የእኔ ግን ምን ይባላል?

ወገኖቼ፣ ቢያንስ ቁጥሩን ስታነሱ ለስንት ሰው እንደሚካፈልና በየትኛው ተመን እንደተመነዘረ ጠይቁ፤ የሚጠይቃችሁንም አታሳፍሩ። ትሰሙኛላችሁ ብዬ ብዙም አልጠብቅም፤ እኔም ራሴን ገና አልሰማሁትም። ከለቅሶው ወዲህ ሁለት ጊዜ በደጃፋቸው አልፌያለሁ፤ ጢሱ በበሩ ይወጣል፣ ምጣዱ ሲንሿሿ ይሰማል። በሁለተኛው ቀን እጄ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ቅዳሜ እንደገና በዚያ በኩል አልፋለሁ።