«ቦታ አለህ?»

ሆላንድ ውስጥ ከሰው ይልቅ ሳይክል ይበዛል። 18 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሳይክል። ማርክ ሩተ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ ቢሮ የሚገቡት ሳይክላቸውን እየነዱ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ሳይክል መንዳት ለማንም ወሬ አይሆንም። ለሀበሻ ወሬ መሆን ካማረህ ተጋድመህ መንዳት አለብህ።

እኔ ከዴልፍት ከተማ ወደ ዴን ሃግ (ሄግ) ለሥራ የምመላለስባት ሳይክል እንደዚያ ናት። ሆላንዶቹ ሊኽፊትስ ይሏታል። ፔዳሏ ከፊት ነው፤ ወንበሯ ወደ ኋላ ጋደል ብሏል፤ ነጂው ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ወደ ፊት ሰዶ፣ ደመና እየቆጠረ ይሄዳል። ይህ አገር ተራራ የለውም፤ በተራራ ፈንታ ነፋስ ተሰጥቶታል። ነፋሱም ስትሄድ ከፊትህ ነው፣ ስትመለስም ከፊትህ ነው። ዝቅ ብሎ ለተጋደመ ሰው ግን ይቀልለታል። ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ፍራንሲስ ፎር የሚባል ፈረንሳዊ ፓሪስ ላይ በእንዲህ ያለች ሳይክል ተጋድሞ በአንድ ሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳና ከ1914 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ የዓለም የብስክሌት ማኅበር ተሰብስቦ፣ እንዲህ ያለችው ብስክሌት አትባልም ሲል ወሰነና ከውድድር አስወጣት። ሰው ተጋድሞ ሲቀድም ደሙ የሚፈላው ሀበሻ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይዣት የገባሁ ቀን አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ምነው ልጄ፣ አመመህ?» አሉኝ። ጡረታ የወጡ ጋሼ ደግሞ «እኛ ሥራ ስንሄድ ቆመን ነበር» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኩያዬ የሆነው «ቃሬዛዋን ስንት ገዛሃት?» አለ። ወሬው እኔ ቤት ሳልገባ አዲስ አበባ ገብቷል። እናቴ ማታውኑ ደውላ «ተኝቶ ነው የሚውለው አሉኝ፤ ጠበል ልላክልህ?» አለችኝ። ጠበሉም በሃይላንድ ተሞልቶ በማላውቀው ሰው ሻንጣ መጣልኝ።

የሰዉ ፊት የተለወጠው ቦርሳዎቹን የገዛሁ ጊዜ ነው። ተጋዳሚ ሳይክል ላይ የሚታዘል ቦርሳ አይሆንም፤ ጀርባህ ወንበሩን ይዞታል። ስለዚህ ከወንበሩ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ሁለት ቦርሳዎች ትገዛለህ፤ የጭነት መኪና ሸራ የመሰለ ጨርቅ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ። ጭነቱ ወደ መሬት ዝቅ ስለሚል ሳይክሏ አትንገዳገድም፤ ግራና ቀኙ እስከተመጣጠነ ድረስ። እኔ ያሰብኩት ለላፕቶፕ፣ ለቅያሪ ሸሚዝ፣ ለዝናብ ሱሪና ለምሳ ዕቃዬ ነበር።

ሌላው ሕዝብ ቦርሳ ሲያይ ቀለሙን ያያል፤ እኛ ኪሎውን ነው የምናየው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል፦ ትኬቱ ያንተ ነው፣ ሻንጣው የሕዝብ ነው። ስትሄድ የሰው ጫማ፣ የሰው ስልክ፣ የሰው መድኃኒት፤ ስትመለስ የሰው በርበሬ፣ የሰው ሽሮ፣ የሰው ድርቆሽ። የራስህን ካልሲ ኪስህ ውስጥ ትከታለህ። «ቦታ አለህ?» ብሎ የሚጠይቅህ ለትሕትና ነው እንጂ መልስህን ሊሰማ አይደለም፤ ፌስታሉ ቀድሞ እጅህ ገብቷል። «ቀላል ናት» የተባለች ዕቃም ቀላል ሆና አይቼ አላውቅም።

ያ ሕግ ዴልፍት ድረስ ይሠራል። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡት እትዬ ቦርሳዎቹን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ሥራህ ዴን ሃግ አይደል? መንገድህ ነው» አሉ። መንገዴ ያሉት ከቢሮዬ አልፎ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ባሕሩ አጠገብ ያለ ቤት ነው። ትኩስ እንጀራ ላፕቶፕ ላይ ተኛ። በማግስቱ ድቁስ፣ ቀጥሎ ለአራስ የሚሆን አጥሚት፤ ለልደታ ደግሞ ጀበና፣ አንገቷን ከቦርሳው አፍ አውጥታ በፍሊት ቦይ ዳር ዳር አገር እያየች ሄደች። ቢሮ ስገባ የስብሰባ አዳራሹ ሚጥሚጣ ሚጥሚጣ ይላል። አይብ በዳቦ የሚበላው የሥራ ባልደረባዬ ነገሩ ሲገባው «ታዲያ ለምን ቲኪ አትልክላቸውም?» አለኝ። ቲኪ ማለት ሆላንዶች በስልካቸው፣ የአንዲት ስኒ ቡና ሒሳብ ሳትቀር፣ «ድርሻህን ክፈል» የሚባባሉበት ነው። እትዬ ላይ ቲኪ ብልክ ለቅሶዬ ላይ ማን ሊቆም ነው?

ባንዲራዋን ሳልነግራችሁ። ተጋዳሚ ሳይክል ዝቅ ያለች ስለሆነች ባለ መኪናው እንዲያያት ከኋላ ዘንግ ላይ ትንሽ ባንዲራ ይሰቀልባታል። የእኔ ብርቱካንማ ነች፤ ስገዛት አብራ መጣች። «አገር የለህም? ለምን የእኛን አትሰቅልም?» አሉ ጋሼ። «የትኛውን? ኮከብ ያለውን ወይስ ልሙጡን?» አለ አንዱ ከወዲያ። ቡናው በረካ ደርሶ ጀበናው ቀዘቀዘ፣ ሁለት ሰዎች ተኮራርፈው ወጡ፣ ባንዲራዋ ብርቱካንማ እንደሆነች ቀረች። ብርቱካንማ የሆላንድ ንጉሣዊ ቤተሰብ ቀለም ነውና አሁን የጎረቤት ሽማግሌዎች ለንጉሡ ያለኝን ፍቅር እያደነቁ እጃቸውን ያውለበልቡልኛል።

አንድ ቀን በመጨረሻ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝና እትዬን በሳይንስ ልረታቸው ሞከርኩ። «እትዬ፣ በቀኝ በኩል ሽሮ አለ፤ በግራ ምንም የለም፤ ሚዛኗ ይዛባና ቦዩ ውስጥ እገባለሁ» አልኳቸው። እትዬ ነገሩን በጥሞና አሰቡበት። «እውነትህን ነው ልጄ» ብለው ገቡና እኩል የሚመዝን ሌላ ፌስታል ይዘው ወጡ። «ይሄ ለእህቴ ልጅ ነው፤ እዚያው አጠገብ ናት።»

ባለፈው እሑድ እድሩ ስብሰባ ነበረው። አጀንዳው የወንበርና የብረት ድስት ኪራይ ነው ተብሎ ነበር፤ በመሐል የእኔ ነገር ተነሳ። «ልጁ እየተጎዳ ነው፣ ዕቃ በዝቶበታል» አሉ ጋሼ፤ ያው ሥራ ቆመው ይሄዱ የነበሩት። ጉባኤው ከንፈሩን መጠጠልኝ። ከዚያም ለሳይክሏ ተጎታች ጋሪ እንዲገዛ፣ ወጪውም ከእድሩ ካዝና እንዲሸፈን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እኔ የተጠየቅሁት ስንት ኪሎ እንደምትችል ብቻ ነው።